ሳይነጋ ለሚሸነፉ የሌሊት ጠባቂዎች፦ የ«ፋይቭ ናይትስ አት ፍሬዲስ» ችግርና መፍትሄ

ስኮት ካውተን በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው በዚህ የኮምፒውተር ጨዋታ ተጫዋቹ የፒዛ ቤት የሌሊት ጠባቂ ነው፤ ሌሊት የሚንቀሳቀሱት የእንስሳት ሮቦቶች ሳይዙት እስኪነጋ መቆየት አለበት። ያለው ሁለት በር፣ ሁለት መብራት፣ ካሜራዎችና የተወሰነ ኤሌክትሪክ ብቻ ነው። ስክሪኑ ላይ ከ12 እስከ 6 የሚለው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት መሆኑ ነው።

ኤሌክትሪኩ ሳይነጋ ያልቃል

ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ፍርሃት ነው። ምንም ሳይነኩ ቢቀመጡ እንኳ በየ10 ሰከንዱ ገደማ 1 በመቶ ይቀንሳል። አንድ በር ሲዘጉ ፍጆታው እጥፍ ይሆናል። ሁለቱንም በር ዘግቶ ካሜራ ላይ ያፈጠጠ ሰው አራት ደቂቃ ሳይሞላው ጨለማ ይውጠዋል፤ ሌሊቱ ግን ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ነው።

ስለዚህ በር አስቀድመው አይዝጉ። የበሩን መብራት ለቅጽበት አብርተው ያጥፉ። ጥንቸሉ ቦኒ በግራ፣ ዶሮዋ ቺካ በቀኝ ቆመው ካዩ ብቻ ይዝጉ፤ ሲሄዱም ወዲያው ይክፈቱ። ጆሮም ያግዛል። የወጥ ቤቱ ካሜራ ምስል የለውም፤ የድስት መንኳኳት ከተሰማ ግን ቺካ እዚያ ናት ማለት ነው። በእኔ እምነት የጨዋታው ምርጥ ፈጠራ ይህ ነው፤ ሳያሳይ ያስፈራል።

በሩና መብራቱ አልሠራ ይላል

አልተበላሸም፤ ቦኒ ወይም ቺካ ገብተዋል። የካሜራውን ስክሪን ሲያወርዱ ያጠቃሉ። ለዚያ ሌሊት መፍትሄ የለውም፤ በቀጣዩ ከካሜራ በተመለሱ ቁጥር መብራቶቹን ያስቀድሙ።

ቀበሮው ፎክሲ በግራ ሮጦ ይገባል

ካሜራውን ለረጅም ጊዜ አላነሱም ማለት ነው። የእሱን መጋረጃ የሚያሳየውን ካሜራ 1ሲን ቶሎ ቶሎ ይመልከቱ፤ መጋረጃው ተከፍቶ ቦታው ባዶ ከሆነ ግራውን በር ይዝጉ።

ጨዋታው በድንገት ራሱን ይዘጋል

ጨዋታውን ደግመው ከመጫንዎ በፊት ያስታውሱ፦ ከመዘጋቱ በፊት ካሜራ 2ቢ ላይ ያለው ፖስተር ተለውጦ ወርቃማ የድብ ፊት አላዩም? ካሜራውን ሲያወርዱስ ያው ድብ ቢሮው ውስጥ ተዘርፍጦ አልነበረም? እንግዲያው ኮምፒውተሩ ጤነኛ ነው፤ ጨዋታው የተሠራው እንዲህ እንዲዘጋ ነው። ድቡን ሲያዩ ሳይዘገዩ ካሜራውን መልሰው ያንሱ። ሲያወርዱት ወንበሩ ፊት ያለው ወለል ባዶ ይሆናል።