ከጅማ ለሚነሳ የኤሌክትሪክ ጭነት መኪና ቻርጀር የት እንትከል?

ከጅማ አዲስ አበባ 14 ዓመት ቡና አመላልሻለሁ። አሁን የመጋዘን ባለቤቶች እየደወሉ «ቻርጀር ልንተክል ነው፣ ምን ትመክረናለህ?» ይሉኛል። አብዛኞቹ የሚነሱት ከቻርጀሩ ዋጋ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የጊቤን ዳገት አስቡ እላለሁ።

መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከነጭነቱ 30 ቶን የሚመዝን መኪና በኪሎ ሜትር 1.3 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል ብላችሁ ያዙ። 455 ኪሎዋት ሰዓት መጣ። ባትሪው የሚይዘው 350 ከሆነ መንገድ ላይ መሙላት ግድ ነው። 30 ቶን 100 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ፣ ለከፍታው ብቻ 8 ኪሎዋት ሰዓት ይጨምራል። ከጊቤ ድልድይ ወደ ወልቂጤ ጭኖ የወጣ ሾፌር ይሄ ሳይነገረው ይገባዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው መሙያ ቦታ ከዳገቱ በላይ፣ ወልቂጤ ቢሆን ይሻላል። ከጅማ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መኪናው 100 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ተርፎት ይደርሳል። አዲስ አበባ ከፍ ስለምትል፣ መጠባበቂያም ስለሚያስፈልግ፣ 200 ይጨመርለት። በ120 ኪሎዋት ቻርጀር ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያልቃል። ሾፌሩም ምሳውን በልቶ ጎኑን ያሳርፋል።

ሲመለስ ግን ወልቂጤ ላይ ጢም አድርጋችሁ አትሙሉት! ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ እያመነጨ ባትሪውን ይሞላል፣ መኪናውንም ይይዛል። ባትሪው ሙሉ ከሆነ መግቢያ የለውም፤ ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል። የተቃጠለ ፍሬን ሽታ እዚያ ቁልቁለት ላይ ስንቴ እንዳስደነገጠኝ! 85 በመቶ ይበቃል።

ጅማ ላይ ደግሞ ፈጣን ቻርጀር አያስፈልጋችሁም። መኪናው ማታ ቆሞ ያድራል። በ40 ኪሎዋት ለ9 ሰዓት ቢሞላ 360 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አራት መኪና አንድ ላይ 160 ኪሎዋት ይስባል፤ ለዚህ 200 ኬቪኤ (የትራንስፎርመር አቅም መለኪያ ነው) ትራንስፎርመር ይጠብባል፣ 315 ጠይቁ። የጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) መቀሸሪያው ቀን ይሥራ፣ መኪናው ሌሊት ይሙላ። ሁለቱ ባንድ ላይ ከተነሱ ትራንስፎርመሩ አይችልም። የምታሰሉትም ቡና በሚበዛበት በኅዳርና በታኅሣሥ የመኪና ብዛት ይሁን፤ በክረምቱ ጭር ባለ ግቢ አትታለሉ።

መብራት ሲጠፋ 120 ኪሎዋት የሚያወጣ ጄኔሬተር ማቆም ውድ ነው። መብራት ባለበት ሰዓት ቀስ እያለ የሚሞላ የመጠባበቂያ ባትሪ ዋጋ አስጠይቁ።

ግቢውን በተመለከተ፣ መኪናው በአንድ በር ገብቶ በሌላው ይውጣ። ተሳቢ ይዤ ማደያ ውስጥ ወደ ኋላ ስመለስ አጥር ገጭቼ አውቃለሁ። ገመዱም ረዘም ይበል፤ መሙያ ቀዳዳው አንዱ መኪና ላይ ከፊት፣ ሌላው ላይ ከጎን ነው። የቻይና መኪኖች ሶኬት ብዙ ጊዜ ጂቢቲ የሚባለው ዓይነት፣ የአውሮፓዎቹ ደግሞ ሲሲኤስ 2 የሚባለው ነው። ቻርጀሩን ከመግዛታችሁ በፊት የመኪናችሁን ሶኬት ፎቶ አንስታችሁ ለሻጩ አሳዩት።