የሞላ (ስፕሪንግ) ፍራሽ ሲመርጡ በሞላው ብዛት ብቻ አይወስኑ
እያንዳንዱ ሞላ በየራሱ የጨርቅ ከረጢት የተሰፋበትንና በሱፍ፣ በጥጥ ወይም በፈረስ ፀጉር የተሞላውን ውድ ፍራሽ ከመግዛትዎ በፊት፣ የሚነገርዎት የሞላ ብዛት ለየትኛው የፍራሽ ስፋት እንደሆነና የስንት ንብርብር ድምር እንደሆነ ይጠይቁ፤ 2000 የተባለው እያንዳንዳቸው 1000 ሞላ ያላቸው የሁለት ንብርብሮች ድምር ሊሆን ይችላልና። ከዚያም የእያንዳንዱ ሙሌት ክብደት በካሬ ሜትር ስንት ግራም እንደሆነ በጽሑፍ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ። «ሱፍ አለበት» የሚለው መግለጫ አብዛኛው ፖሊስተር ለሆነ ድብልቅም ስለሚሠራ፣ እኔ ከሞላው ቁጥር ይልቅ የማምነው ይህን ክብደት ነው። ሆኖም አሮጌ ፍራሽ በዚህ መንገድ አይመዘንም፤ ሱፍና ጥጥ በሰውነት ክብደት እየተጠቀጠቁ ስለሚሄዱ፣ የመጀመሪያው ክብደት የዛሬውን ምቾት አያሳይም።