ለሚከራይ ቤት የቪኒል ወለል እንዴት ይመረጣል?

አዲስ አበባ ውስጥ የኮንዶሚኒየም ቤት አድሶ ለማከራየት የተነሳ ሰው ወለሉ ላይ ሲደርስ በሴራሚክና ከፕላስቲክ በሚሠራው ንጣፍ፣ በቪኒል፣ መካከል ያመነታል። ሴራሚክ ዕድሜ አለው፤ ሆኖም የሲሚንቶው፣ የአሸዋውና የባለሙያው ዋጋ ሲደመር ኪስ ይጎዳል። ቪኒል ቶሎ ይነጠፋል፣ እግር አያቀዘቅዝም፣ ወጪውም ይቀላል። በጥንቃቄ የተመረጠው ለዓመታት ያገለግላል፤ በችኮላ የተገዛው ግን የመጀመሪያው ተከራይ ሳይወጣ ይበላሻል። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ማነስ አይችልም፤ ኪራዩንም አከራዩ እንዳሻው አይጨምርም። ስለዚህ በየዓመቱ የሚቀየር ወለል ለአከራይ ኪሳራ፣ ለተከራይ ደግሞ መጉላላት ነው።

1. ገበያ ከመሄድ በፊት ሊሾውን መርምሩ

ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ይዘለዋል፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ ጊዜ ስጡት የምለው ይህንኑ ነው። ቪኒል ቀጭንና ተጣጣፊ ስለሆነ የሥሩን ጉድለት አይሸፍንም። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ሥሩ ብትቀር ከወራት በኋላ ከላይ ትታያለች፤ ወንበር ሲጎተትም መጀመሪያ የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው።

ከእርጥበቱ ጀምሩ። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ወፍራም ላስቲክ ሊሾው ላይ አንጥፉ፤ ዙሪያውን በሰፊ ፕላስተር አሽጉና አንድ ቀን ከነሌሊቱ ተዉት። ስታነሱት ከሥሩ ጤዛ ካለ፣ ወይም ሊሾው ከአካባቢው ጠቆር ብሎ ከታየ ወለሉ ገና እርጥብ ነው። ሲሚንቶ የሚደርቀው ቀስ ብሎ ነው፤ በባለሙያዎች ግምት ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲሜትር ውፍረት አንድ ወር ያህል ይፈልጋል። መሬት ላይ ባረፈ ቤት ደግሞ እርጥበቱ ከአፈሩ ስለሚመጣ ስንት ወር ቢጠበቅም ላይደርቅ ይችላል። እንዲህ ያለውን ቤት ከተቻለ ክረምት ላይ ፈትሹት፤ የበጋ ፍተሻ ያታልላል።

ቪኒል ውሃ አያሳልፍም፤ ይህ ከላይ ሲታይ ጥቅም ነው፣ ከታች ግን እርጥበቱን ያፍነዋል። በእርጥብ ሊሾ ላይ የተነጠፈ ወለል ሲነሳ አይቻለሁ። ጀርባው በጥቁር ሻጋታ ተነጥቦ፣ ማጣበቂያው እንደ ማር እየተዝለገለገ ነበር። ተከራዮቹ ሽታው ከሽንት ቤቱ የሚመጣ መስሏቸው ለወራት ሲያማርሩ ኖረዋል። ፍተሻውን ላላለፈ ቤት ምክሬ አንድ ነው፤ ሴራሚክ አስነጥፉ።

ቀጥሎ የሊሾውን መስተካከል እዩ። ሁለት ሜትር ያህል የሚረዝም ቀጥ ያለ የአልሙኒየም ዘንግ ወለሉ ላይ አጋድማችሁ ከጀርባው የእጅ ባትሪ አብሩ። ብርሃኑ ሾልኮ የሚያልፍበት ቦታ ጎድጓዳ ነው። ከ3 ሚሊሜትር በላይ የጎደለው ይሞላ፣ ጉብታው ይፈግፈግ። በመጨረሻ ሊሾውን በቁልፍ ጫፍ ጫር አድርጉት። ዱቄት ሆኖ ከተነሳ ማጣበቂያው የሚይዘው ወለሉን ሳይሆን አቧራውን ነው፤ በደንብ ተጠርጎ ማጠንከሪያ ቀለም ሳይቀባ ምንም አይነጠፍበት።

2. ዓይነቱን ለዩ

በጥቅል የሚሸጠው ከሁሉም ይረክሳል። መጋጠሚያው ጥቂት ስለሆነ ውሃ ቶሎ አይገባበትም፤ ሆኖም አንድ ቦታ ከተቀደደ ሳያስታውቅ መጠገን አይቻልም። ጀርባው ላይ ወረቀት ወይም ስፖንጅ የለጠፈውን ስስ ጥቅል ለኪራይ ቤት አልመክርም፤ የአልጋ እግር ይሰረጉድበታል።

ወረቀቱ ተልጦ የሚለጠፈው ቁራጭ ለሥራ ቀላል በመሆኑ ያጓጓል። ጀርባው ላይ ያለው ሙጫ ግን በሊሾ ላይ ብዙ አይቆይም፤ ጠርዙ ይነሳል፣ መጋጠሚያውም አቧራ ይሰበስባል። ተዉት።

እርስ በርሱ የሚቆላለፈውና ውስጡ የድንጋይ ዱቄት ያለበት ኤስፒሲ ጠንካራ ነው፤ ያለ ማጣበቂያ ይነጠፋል፣ ሲፈለግም ተነቅሎ ሌላ ቤት ይሄዳል። ዋጋው ከፍ ይላል። በግድግዳው ዙሪያ ከ6 እስከ 8 ሚሊሜትር ክፍተት ይፈልጋል፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በሚገባበት ሳሎን ያለዚህ ክፍተት ከተነጠፈ ሙቀቱ ያብጠዋል።

ለአብዛኛው ኪራይ ቤት የእኔ ምርጫ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ በማጣበቂያ የሚነጠፍ ሳንቃ መሰል ቪኒል ነው። አንዱ ቢቃጠል ወይም ቢቦጨቅ እሱ ብቻ ተነስቶ ይተካል።

3. ግልጽ ሽፋኑን ጠይቁ

ሻጩ የሚነግራችሁ ጠቅላላ ውፍረቱን ነው። ወለሉን የሚያቆየው ግን ፊቱ ላይ ከታተመው የእንጨት ሥዕል በላይ ያለው ግልጽ ሽፋን ነው፤ እሱ ካለቀ ሥዕሉ በር አካባቢ ይጠፋል። አምስት ሚሊሜትር ወፍሮ ሽፋኑ 0.1 ሚሊሜትር ብቻ የሆነ ዕቃ አለ፤ ሁለት ሚሊሜትር ሆኖ ሽፋኑ 0.5 የሆነም አለ። ለኪራይ ቤት ከ0.3 በታች አትግዙ፤ ልጆች ለሚሮጡበት ሳሎንና ለመግቢያው 0.5 ይሁን። ካርቶኑ ላይ የደረጃ ቁጥር ካለ 23 ለብዙ እንቅስቃሴ መኖሪያ፣ ከ31 ጀምሮ ያለው ለንግድ ቤት የታሰበ ማለት ነው።

ካርቶኑ ዝም ካለ ናሙናውን ራሳችሁ ፈትሹ። የተቆረጠውን ጠርዝ ወደ ብርሃን አዙራችሁ የላይኛውን ግልጽ መስመር ፈልጉ። ፊቱን በሳንቲም ጠንከር አድርጋችሁ ጫሩት። ተጣጣፊውን ዓይነት ወደ ኋላ አጥፉት፤ ነጭ መስመር ካወጣ ወይም ከተሰነጠቀ መልሱለት። ሱቁን የሚሞላ ኃይለኛ ሽታ ያለውንም ለመኝታ ቤት አትውሰዱ።

4. ለክታችሁ ግዙ

ጥቅሉ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሜትር ስፋት አለው። 3.5 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ክፍል 14 ካሬ ቢሆንም ሁለት ባለ 4 ሜትር ቁራጭ፣ ማለትም 16 ካሬ ይገዛለታል። ለሳንቃው 10 በመቶ ጨምሩ። ሁሉም ካርቶን አንድ ዓይነት የምርት ቁጥር ይኑረው፤ ቁጥሩ ከተለያየ ቀለሙ ሊለያይ ይችላል። ቀለሙን መካከለኛ ቡናማ ወይም ግራጫ አድርጉት፤ ጥቁሩ አቧራውን፣ ነጩ እድፉን ያጋልጣል።

ሽንት ቤቱንና ውሃ እየተደፋ የሚታጠበውን ኩሽና ለሴራሚክ ተዉት።

5. ለተከራዩ ንገሩት

ቪኒል ትልቁ ጠላቱ እሳት ነው። ቡና በከሰል የሚፈላ ከሆነ ማንደጃው የሚቀመጥበት አንድ ሰፊ ሴራሚክ ወይም እግር ያለው ብረት ራሳችሁ ገዝታችሁ ቤቱ ውስጥ ተዉ፤ ዋጋው ከአንድ ሳንቃ ጥገና አይበልጥም። ጀርባው ጎማ የሆነ የእግር መጥረጊያ አይነጠፍ፤ ጎማው ከሥሩ የማይለቅ ቢጫ እድፍ ያትማል። ለጽዳት የተጨመቀ እርጥብ ጨርቅና ለስላሳ ሳሙና ይበቃል። የተረፈውን ካርቶን ደረቅ ቦታ፣ ሳንቃዎቹ እንዳይጣመሙ በጀርባቸው አጋድማችሁ አስቀምጡት።