በላቦራቶሪ በሚያድጉ የነርቭ ሕዋሳት የፓርኪንሰን በሽታን ሲያጠኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የፓርኪንሰን በሽታን የእንቅስቃሴ መዛባት በዋነኝነት የሚያመጣው በመካከለኛው አንጎል ዶፓሚን የተባለውን መልእክት አስተላላፊ ውሁድ የሚያመነጩ የነርቭ ሕዋሳት መሞት ነው። እነዚህን ከሕያው ታማሚ አንጎል ወስዶ መመርመር ስለማይቻል ተመራማሪዎች በላቦራቶሪ ሳሕን ተተኪ ሕዋሳትን ያሳድጋሉ። ተተኪው ብዙ ያስተምራል፤ ነገር ግን የማያውቀውን ሲጠየቅም መልስ ከመስጠት አይመለስም።

በቅድሚያ ሊወገድ የሚገባው የካንሰር ሕዋስን እንደ ጎልማሳ የነርቭ ሕዋስ መቁጠር ነው። በመስኩ በስፋት የሚሠራበት ኤስኤች-ኤስዋይ5ዋይ የተባለው የሕዋስ ዝርያ የመጣው ኒውሮብላስቶማ የተባለ የነርቭ ሕዋስ ካንሰር ከነበረባት የአራት ዓመት ሕፃን መቅኒ ነው። ይህ ዝርያ ያለማቋረጥ ይባዛል፤ በታማሚው አንጎል ያሉት የነርቭ ሕዋሳት ግን አይባዙም። ስለዚህ አንድ ውሁድ መባዛትን ብቻ ቢገታ እንኳ በሳሕኑ ያለው የሕዋስ ቁጥር ያንሳልና፣ ተመራማሪው ሕዋስ የሚገድል መርዝ አገኘሁ ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ለመጀመሪያ ማጣሪያ ካልሆነ በቀር በዚህ ዝርያ ብቻ ድምዳሜ ላይ መድረስ፣ በእኔ እምነት፣ አይገባም።

ዶፓሚን ለመሥራት የሚያስፈልገው ታይሮሲን ሃይድሮክሲሌዝ የተባለ ኢንዛይም በማቅለሚያ ስለታየ ብቻ ሕዋሱን ዶፓሚን አመንጪ ማለትም ሌላው ስህተት ነው፤ ኢንዛይሙ ኖርአድሬናሊን በሚያመነጩ ሕዋሳትም አለና። ከአይጥ ፅንስ መካከለኛ አንጎል በሚዘጋጅ ሳሕን ደግሞ ዶፓሚን አመንጪዎቹ ከጠቅላላው ጥቂቶቹ ስለሆኑ፣ የሳሕኑን ሕዋሳት በሙሉ በአንድነት የሚለካ ምርመራ የሚነግረን በአብዛኛው ስለ ሌሎቹ ሕዋሳት ነው።

ብዙ ክርክር ያስነሣው የፓርኪንሰን ዋነኛ መድኃኒት የሆነውን ሌቮዶፓን በሳሕን መፈተሽ ነው። ይህ መድኃኒት በማሳደጊያ ፈሳሽ ውስጥ፣ በ37 ዲግሪ ሙቀትና በኦክስጅን ፊት፣ ራሱን በራሱ ይኦክሳይዳል፤ ፈሳሹ ቀስ በቀስ ወደ ቡናማነት ሲለወጥ በዓይን ይታያል፤ በሂደቱም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና ኪኖን የተባሉ ጎጂ ውሁዶች ይፈጠራሉ። ሕዋሳቱ ሲሞቱ ጥፋቱ ለመድኃኒቱ ይሰጣል እንጂ ፈሳሹ አይጠረጠርም። ይህን ለመለየት መድኃኒቱን ሕዋስ በሌለበት ፈሳሽ ላይ ጨምሮ መከታተልና በሌላ ሳሕን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን የሚሰብረውን ካታሌዝ የተባለ ኢንዛይም መጨመር ያሻል፤ ካታሌዙ ሕዋሳቱን ካዳነ ገዳዩ የተፈጠረው በፈሳሹ ውስጥ ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ውጤቱ በታተመ ሙከራ ሌቮዶፓን ለ40 ሳምንታት የወሰዱ ታማሚዎች መድኃኒቱን ለሁለት ሳምንታት ካቋረጡ በኋላም በምልክት ደረጃ ካልወሰዱት የተሻሉ ነበሩ፤ የአንጎል ምስል ምርመራው ግን ጥያቄ ትቶ አልፏል። በሳሕን ውጤት ብቻ ታማሚን ማስፈራራት አግባብ የማይሆነውም ለዚህ ነው።

ኤምፒቲፒ በተባለው ውሁድ ሲሠራም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1982 በካሊፎርኒያ በዚህ ውሁድ የተበከለ ሰው ሠራሽ ሄሮይን የወሰዱ ወጣቶች በድንገት የፓርኪንሰን ምልክት ታየባቸው። ይሁንና ኤምፒቲፒ ራሱ መርዝ አይደለም፤ በዋነኝነት አስትሮሳይት በተባሉት የነርቭ ሕዋሳት ደጋፊ ሕዋሳት ውስጥ ያለው ኤምኤኦ-ቢ የተባለ ኢንዛይም ነው ወደ መርዛማው ኤምፒፒ-ፕላስ የሚያደርሰው። አስትሮሳይት በሌለበት ሳሕን ኤምፒቲፒን ጨምሮ ሕዋሳቱ መትረፋቸውን እንደ ግኝት ማቅረብ የሙከራውን አሠራር አለማወቅ ነው።

ስኳሩም አይዘንጋ። በብዙ ላቦራቶሪዎች የሚሠራበት ማሳደጊያ በሊትር 4.5 ግራም ግሉኮስ አለው፤ ይህም ከጤነኛ ሰው የጾም ደም ስኳር ከአራት እጥፍ በላይ ነው። እንዲህ የጠገቡ የካንሰር ዝርያዎች የሕዋስ ጉልበት ማመንጫ ከሆነው ሚቶኮንድሪያ ውጪ ጉልበት ስለሚያገኙ እንደ ሮቴኖን ያለ የሚቶኮንድሪያ መርዝን ይቋቋማሉ፤ ግሉኮሱ ጋላክቶስ በተባለ ሌላ ስኳር ሲተካ ግን በሚቶኮንድሪያ ላይ ስለሚመኩ ጉዳቱ ይገለጣል።

በመጨረሻም ከታማሚ ቆዳ ወይም ደም ወደ ግንድ ሕዋስ ተመልሰው የበቀሉ ሕዋሳት የግለሰቡን ዘረመል ቢይዙም የዕድሜውን አሻራ በአብዛኛው ያጣሉ። አንድ ታማሚን ከአንድ ጤነኛ ሰው ጋር ብቻ ማነጻጸርም የሁለት ሰዎችን ልዩነት እንጂ የበሽታውን አያሳይም፤ ስለሆነም ከፓርኪንሰን ጋር የተያያዘውን ኤልአርአርኬ2ን በመሰለ ጂን ላይ ያለው ለውጥ ክሪስፐር በተባለው የዘረመል ማረሚያ ዘዴ የታረመበትን የዚያኑ ሰው ሕዋስ ጎን ለጎን ማሳደግ ይመረጣል። ከአንድ ሰው የተገኙ ሕዋሳት የበቀሉባቸው ሃያ የሳሕን ጉድጓዶችም እንደ ሃያ ሰዎች አይቆጠሩም።