የፊዚክስ ፈተና ውጤት የተማሪውን መረዳት ሳያሳይ ሲቀር፦ ችግሩ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ስሌቱን ይሠራሉ፣ «ለምን?» ሲባሉ ይጠፋባቸዋል

«2 ኪሎ ግራም ዕቃ በ10 ኒውተን ኃይል ቢገፋ አክስለሬሽኑ ስንት ነው?» ቢባል ክፍሉ ከሞላ ጎደል ይመልሳል። «ወደ ላይ የተወረወረ ኳስ ከእጅ ወጥቶ ገና እየወጣ ሳለ ምን ምን ኃይል ያርፍበታል? አየሩን ተዉት» ቢባል ግን ብዙዎቹ የስበትን ኃይል ይጠቅሱና «የወርዋሪው ኃይልም አብሮት አለ» ብለው ይሳሳታሉ፤ ያለው ስበት ብቻ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ቁጥር ከመተካት በላይ አይጠይቅም፤ ስለዚህ የለካው ቀመር ማስታወስን ነው።

መፍትሄው ቁጥር የሌለበት፣ ሁለት እርከን ያለው ጥያቄ ነው። ተማሪው መጀመሪያ መልሱን ይመርጣል፣ ቀጥሎ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። ነጥብ የሚሰጠው ሁለቱም ትክክል ሲሆኑ ብቻ ነው። ትልቅ የጭነት መኪናና ትንሽ የቤት መኪና ሲጋጩ የትኛው በየትኛው ላይ የበለጠ ኃይል እንደሚያሳርፍ መጠየቅም ጥሩ መፈተኛ ነው። ሁለት አካላት እርስ በርስ የሚያሳርፉት ኃይል እኩል ነው የሚለውን ሦስተኛውን የኒውተን ሕግ በቃሉ የሚያነበንብ ተማሪ ሳይቀር «የጭነቱ ይበልጣል» ሊል ይችላል።

ውጤቱ በግምት ከሚገኘውም ያንሳል

አምስት ምርጫ ያለውን ጥያቄ 50 ተማሪ ዓይኑን ጨፍኖ ቢመልስ 10 ያህሉ ያገኙታል። ትክክለኛውን የመረጡት 4 ብቻ ከሆኑ ይህ «አልገባቸውም» ከማለት ያለፈ ነገር ይናገራል፤ ተማሪዎቹ የሚያምኑበት ሌላ ሐሳብ አላቸው ማለት ነው። ማወቅ ያለብዎትም ያንን ሐሳብ ነው።

ስለዚህ «ስንት ሰው አገኘ?» ብለው አይቁሙ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠን የመረጡትን ቆጥረው በሰንጠረዥ ያስፍሩ። ስህተቱ በአራቱም ላይ ከተበተነ ተማሪዎቹ ገምተዋል፤ ትምህርቱን እንደገና ማስተማር ያስፈልጋል። 33ቱ «ለ»ን ከመረጡ ግን ያው ማብራሪያ ቢደገም ብዙም አይረዳም። «ለ» ላይ ያለውን እምነት የሚፈትን ሙከራ ያሳዩ፣ አስቀድመውም ውጤቱን እንዲገምቱ ያድርጉ። ይህ የሚሠራው የተሳሳቱት ምርጫዎች ከራሳቸው ከተማሪዎች አባባል ሲቀዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣውና የፊዚክስ ምሁሩ ዴቪድ ሄስቴነስ ከባልደረቦቹ ጋር ያዘጋጀው «ፎርስ ኮንሰፕት ኢንቬንተሪ» የተባለው የምርጫ ፈተና ጥንካሬው እዚህ ላይ ነው። አሁን የሚሠራበት ቅጂ 30 ጥያቄ አለው፣ ምርጫዎቹም ስለ ኃይልና እንቅስቃሴ በተለምዶ የሚያዙትን የተሳሳቱ ሐሳቦች ይወክላሉ።

የሁለት ክፍሎች እድገት ሲወዳደር ያደናግራል

ከትምህርቱ በፊት በተሰጠው የመግቢያ ፈተናና ከትምህርቱ በኋላ በተሰጠው የማጠቃለያ ፈተና መካከል አንዱ ክፍል ከ25 ወደ 55 በመቶ፣ ሌላው ከ60 ወደ 78 በመቶ አደገ። 30 ከ18 ስለሚበልጥ የመጀመሪያው ተሽሏል ማለት ስህተት ነው፤ ሁለተኛው ክፍል የቀረው ቦታ ጠባብ ነበር። የተገኘውን እድገት ሊገኝ ይችል ለነበረው ያካፍሉ፦ 30 ለ75 ሲካፈል 0.40፣ 18 ለ40 ሲካፈል 0.45። የፊዚክስ ምሁሩ ሪቻርድ ሄክ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው ጥናት ከ6,000 በላይ ተማሪዎች የነበሩባቸውን 62 ኮርሶች በዚህ ስሌት አወዳድሯል። በተለመደው ገለጻ የተማሩት በአማካይ 0.23፣ እየተወያዩና እየሞከሩ የተማሩት 0.48 አግኝተዋል።

ስሌቱ ውስጥ የሚገቡት ሁለቱንም ፈተና የወሰዱ ተማሪዎች ብቻ ይሁኑ። ደካሞቹ በመሃል ካቋረጡ ማንም ምንም ሳይማር አማካዩ ከፍ ይላል።

ፊዚክሱ ነው ወይስ እንግሊዝኛው?

በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ አለ። ክፍሉን በዕጣ ለሁለት ይክፈሉና ያንኑ ጥያቄ ለግማሹ በእንግሊዝኛ፣ ለግማሹ ተማሪዎቹ በሚናገሩት ቋንቋ ይስጡ። በአንድ ጥያቄ ላይ ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ያሰናከላቸው ቋንቋው ሊሆን ይችላል። 25 በ25 በሆነ ክፍል ግን ከ25 እስከ 30 የመቶኛ ነጥብ ያልደረሰ ልዩነት በአጋጣሚም ይመጣል፤ ቸኩለው አይደምድሙ።

ትርጉሙም ራሱ ያሳስታል። «ጉልበት» በፊዚክስ ለኢነርጂ ሊውል ይችላል፣ በቤት ግን የሰው ብርታት ነው፤ «ኃይል»ም እንዲሁ የፊዚክሱንና የቤቱን ትርጉም ያቀላቅላል። የተተረጎመውን ጥያቄ ዋናውን ያላየ ሰው ወደ እንግሊዝኛ እንዲመልሰው ያድርጉና ያስተያዩ።

ጎበዞቹ የሚስቱት፣ ደካሞቹ የሚያገኙት ጥያቄ

ከ50 ተማሪ በጠቅላላ ውጤት ከላይ 14፣ ከታች 14 ይውሰዱ። ከላይኞቹ 5፣ ከታችኞቹ 8 ካገኙት ልዩነቱ ለ14 ሲካፈል ከዜሮ በታች 0.21 ይሆናል። መጀመሪያ የሚፈተሸው የመልስ ቁልፉ ነው፣ ቀጥሎ ሁለት ትክክለኛ መልስ መኖሩ። 0.3 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ጥያቄ ይቆይ።

የማጠቃለያው ውጤት ከሚጠበቀው በላይ ሲያሻቅብ

ጥያቄው አስቀድሞ ሾልኮ ወጥቷል፣ ወይም ከመግቢያው ፈተና በኋላ መልሱ በክፍል ተሠርቷል። ወረቀቱን ቆጥረው ይሰብስቡ፣ መልሱን አይግለጹ። መኮራረጅን ለመቀነስ የጥያቄዎቹን ቅደም ተከተል የቀያየረ ሁለተኛ ቅጂ ያዘጋጁ፤ ለቆጠራው እንዲመች የምርጫዎቹን ፊደል አይንኩ። ተማሪዎቹ ማርክ የለውም ብለው እንዳይዘናጉ ደግሞ ትንሽ ነጥብ ሠርቶ ለማስረከቡ ብቻ ይስጡ፤ 30 ጥያቄ በ5 ደቂቃ የጨረሰውን ወረቀት ከስሌቱ ያውጡ።