የቡና መፈልፈያ ጣቢያ ወንዙን፣ ገበሬውንና ሠራተኛውን ሳይጎዳ እንዴት ሊሠራ ይችላል?

በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ቡና መቅላት ሲጀምር በሲዳማ፣ በጌዴኦ፣ በጉጂ፣ በጅማና በከፋ የሚገኙ የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያዎች ሥራ ይጀምራሉ። የወቅቱ ሥራ የሚቆየው ጥቂት ወራት ብቻ ቢሆንም፣ በእነዚህ ወራት ጣቢያው የአካባቢውን ወንዝ፣ የብዙ ገበሬዎችን የዓመት ገቢና የወቅት ሠራተኞችን ጉልበት በእጁ ያስገባል። ማኅበራዊ ኃላፊነት ሲባል አንዳንድ ባለሀብቶች ቀድመው የሚያስቡት ለትምህርት ቤት ወንበር መግዛትን ወይም ለበዓል ሰንጋ ማበርከትን ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋም ከዚህ ይለያል፤ የድርጅት ኃላፊነት የሚታየው ከትርፍ ላይ በሚሰጥ ስጦታ ሳይሆን በየዕለቱ የሥራ ወጪ ውስጥ ነው። ወንዙን አበላሽቶ ደብተር የሚያድል ድርጅት ከአካባቢው የወሰደውን አልመለሰም። ስለዚህ ከዚህ በታች የቀረቡት ሥራዎች ሁሉ ወቅቱ ከመግባቱ በፊት፣ ቢቻል በክረምቱ፣ በበጀት ተይዘው መዘጋጀት አለባቸው።

ከሁሉ በፊት ውሃው

ከእሸት ቡና ክብደት 40 በመቶ ያህሉ ልጣጭ ነው። በወቅቱ 500 ሺህ ኪሎ እሸት የሚቀበል ጣቢያ ወደ 200 ሺህ ኪሎ ልጣጭ፣ በላዩም ቡናው የተፈለፈለበትንና የታጠበበትን ብዙ ውሃ የሚያደርስበት ቦታ ያስፈልገዋል። ልጣጩም ሆነ ፍሬውን የሚሸፍነው ሙጫ ስኳር የበዛባቸው ናቸው። ወደ ወንዝ ሲገቡ ረቂቅ ተሕዋስያን ይህን ስኳር ሲያፈርሱ በውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ ዓሣውና በድንጋይ ሥር የሚኖሩት ነፍሳት ይታፈናሉ፣ ውሃው ይጠቁራል፣ ይከረፋል፣ ከታች ያለው ሕዝብም ከብቱን የሚያጠጣበትና ልብሱን የሚያጥብበት ያጣል። ጉዳቱን የሚያከፋው ደግሞ ወቅቱ ክረምቱ ወጥቶ ወንዞች እየጎደሉ ከሚሄዱበት ጊዜ ጋር መገጣጠሙ ነው፤ ቆሻሻው በሚበዛበት ሰዓት ቆሻሻውን የሚያቀጥነው ውሃ ያንሳል።

የመጀመሪያው እርምጃ ልጣጩን ከውሃው ወዲያው መለየት ነው። ልጣጭ በውሃ ውስጥ በቆየ ቁጥር ስኳሩ እየሟሟ ስለሚወጣ፣ በኋላ በጉድጓድ ውስጥ የሚጠብቀው የማጣራት ሥራ ይከብዳል። ከመፈልፈያ ማሽኑ ሥር ወንፊት ይግጠሙ፤ ልጣጩም በውሃ ቦይ ተገፍቶ ሳይሆን በጋሪ ወይም በማጓጓዣ ቀበቶ ደርቆ ይውጣ። ከዚያ በኋላ ውሃውን መልሶ መጠቀም ይቻላል። ለመፈልፈል የዋለው ውሃ በወንፊት ተጣርቶና በማዝቀጫ ገንዳ ውስጥ ረግቶ በዚያው ቀን ደግሞ ለመፈልፈል ሊያገለግል ይችላል፤ ለመጨረሻው እጥበት ግን ንጹሕ ውሃ ያስፈልጋል። በመግቢያ ቧንቧው ላይ ቆጣሪ ያስገጥሙ፤ ለአንድ ኪሎ እሸት ስንት ሊትር እንደዋለ በየቀኑ ካልተመዘገበ ቁጠባው ከቃል አያልፍም።

ሙጫውን በሰበቃ የሚያስወግዱ ማሽኖች የውሃ ፍጆታን በእጅጉ ይቀንሳሉ። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ፤ ውሃው ቀነሰ ማለት ቆሻሻው ቀነሰ ማለት አይደለም። ያው ሙጫ በጥቂት ውሃ ውስጥ ወፍሮ ይወጣልና ወደ ወንዝ ቢለቀቅ በአንድ ሊትር የሚያደርሰው ጉዳት ይብሳል። ጥቅሙ የሚገኘው ወፍራሙን ሙጫ ከልጣጩ ጋር ቀላቅሎ ወደ ማዳበሪያነት በመለወጥ ነው።

የቀረው ፍሳሽ ወደ ጉድጓድ ይሄዳል። ጉድጓዱ ከወንዙ ዳር ርቆ፣ ጎርፍ በማይደርስበት ቦታ መቆፈርና ወደ ከርሰ ምድር እንዳያሰርግ በሸክላ አፈር መጠቅጠቅ ይኖርበታል። አንድ ጉድጓድ አይበቃም። ፍሳሹ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ እንዲረጋ ሁለት ወይም ሦስት ተከታታይ ጉድጓዶች ያስፈልጋሉ፤ ስፋታቸውም በአማካይ ቀን ሳይሆን እሸት በሚጎርፍበት የወቅቱ ከባድ ሳምንት ልክ ይሰላ፣ ያለጊዜው ለሚጥል የኅዳር ዝናብም ትርፍ ይተውለት። የፍሳሹ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር አሲድነቱ ይበዛል) ወደ 4 ስለሚወርድ በኖራ ማለዘብ ያስፈልጋል። ከመጨረሻው ጉድጓድ የሚወጣው ውሃ በቬቲቨር ሳር በተሸፈነ ሰፊ መደብ ላይ እንዲሠራጭ ቢደረግ ሳሩ ውሃውን እየመጠጠና እያተነነ ወደ ወንዙ የሚደርሰውን ይቀንሰዋል። ሳሩ ሥር ይዞ ለሥራ የሚደርሰው አንድ ክረምት ካለፈው በኋላ ስለሆነ የዘንድሮውን ፍሳሽ ለማጣራት ዘንድሮ መትከል አያዋጣም።

የሠሩት ሥራ መሥራቱን ለማወቅ በየሳምንቱ ከጣቢያው በላይና በታች ከወንዙ ውሃ ቀድተው ፒኤቹን በመለኪያ ወረቀት ይለኩ፤ ድንጋይ ገልብጠው ነፍሳት መኖራቸውንም ይመልከቱ። ከላይ ያለው ድንጋይ ሕይወት ኖሮበት የታችኛው ባዶ ከሆነ ምንም ዓይነት የምስክር ወረቀት ያንን አያስተባብልም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው፣ በጉዳዩ የግል ጥቅም እንዳለው ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ በበካይ ላይ አቤቱታ የማቅረብ መብት እንዳለው ደንግጓል። ስለዚህ ከታች የሚኖረው ገበሬ ወደ ወረዳ ከመሄዱ በፊት ጣቢያው ራሱ ቢጠይቀው ለሁለቱም ይሻላል።

ልጣጩ በፖታስየም የበለጸገ ስለሆነ ከአመድ፣ ከቅጠልና ከከብት እበት ጋር ተደራርቦና በየጊዜው እየተገላበጠ ከበሰለ ጥሩ ማዳበሪያ ይሆናል። ትኩሱን ከቡናው እግር ሥር መከመር ግን አይገባም። የበሰለው ማዳበሪያ ለገበሬው በነጻ መመለሱ ምጽዋት አይደለም፤ ከማሳው የወጣው ንጥረ ነገር ወደ ማሳው የሚመለስበት መንገድ ነው።

ሚዛኑና ክፍያው

ገበሬና ድርጅት የሚተማመኑትም የሚቀያየሙትም በሚዛን ላይ ነው። በየማለዳው፣ የመጀመሪያው እሸት ከመመዘኑ በፊት፣ ሚዛኑ ክብደቱ በታወቀ የመፈተሻ ድንጋይ በገበሬዎች ፊት ይፈተሽ፤ ንባቡም ሻጩ ከቆመበት ቦታ ሊታይ ይገባል። የዕለቱ ዋጋ በሰሌዳ ላይ ይጻፍ። «ለውሃ» ወይም «ለከረጢት» እየተባለ የሚቀነስ ኪሎ ካለ ልኩና ምክንያቱ ከዋጋው ጎን ይቀመጥ፤ አስቀድሞ ያልተነገረ ቅናሽ ስርቆት ነው።

በየመንደሩ እሸት የሚሰበስቡ ወኪሎች ክፍያቸው በኪሎ ኮሚሽን ብቻ ሲሆን ሚዛን ላይ እንዲያጎድሉ የሚገፋፋ ነገር ይፈጠራል። ጥፋቱን ከሰብሳቢው ጠባይ ብቻ ከመፈለግ የአከፋፈሉን ሥርዓት መለወጥ፣ ማለትም መነሻ ደመወዝ ሰጥቶ ተጨማሪውን በቀይ ፍሬው ጥራት ላይ ማሰር ይሻላል። ደረሰኙ እሸቱን ይዞ በመጣው ሰው ስም ይቆረጥ። እሸቱን ለቅማ፣ ተሸክማ፣ ወረፋ ጠብቃ ያስረከበችው ሚስት ሆና ሳለ ደረሰኙ በባልዋ ስም ቢጻፍ፣ በወቅቱ መጨረሻ ተጨማሪ ክፍያ ሲመጣ እርሷ ከመዝገቡ ውጭ ትሆናለች።

የደን ጉዳይም ከግዢው ጋር የተያያዘ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋን የሚከላከል ደንብ፣ ተፈጻሚነቱ በተደጋጋሚ ቢራዘምም፣ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል። ለዚህም የማሳው መገኛ መመዝገብ አለበት፤ ከ4 ሄክታር ለሚያንስ ማሳ አንድ ነጥብ በቂ ነው። ምዝገባውን ለገበሬው በነጻ ይሥሩለት፣ የመረጃውንም ቅጂ በእጁ ይስጡት። ለማድረቂያ አልጋ የሚሆነውን እንጨትም ከገበሬው ባሕር ዛፍ እንጂ ከተፈጥሮ ደን አይግዙ።

በማሽኑና በማድረቂያ አልጋው ላይ ያሉት ሰዎች

እሸት በተለቀመበት ቀን መፈልፈል ስላለበት ማሽኑ ሌሊት ይሠራል። ይህ የሥራው ጠባይ ነው፤ አንድን ሰው ከማለዳ እስከ እኩለ ሌሊት ማቆም ግን የእቅድ ጉድለት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይወስናል፤ የትርፍ ሰዓት ሥራም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ክፍያው ከመደበኛው የሰዓት ደመወዝ በቀን አንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንታዊ የዕረፍት ቀን ሁለት፣ በሕዝብ በዓል ደግሞ ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። እነዚህን ተመኖች ባለፈው ዓመት የሥራ መዝገብ ላይ ቢያሰሏቸው ሁለተኛ ፈረቃ መቅጠር ብዙ ጊዜ የሚወደድ ሆኖ አያገኙትም።

የወቅት ሠራተኛም የጽሑፍ ውል ይገባዋል፤ የቀን ክፍያው፣ የሥራው ዓይነትና የሚቆይበት ጊዜ በሚገባው ቋንቋ ይጻፍለት። ቅጥርና ክፍያ በካቦ እጅ ብቻ አይሁን። ማን ነገ ሥራ እንደሚያገኝና ማን እንደሚከፈለው የሚወስን አንድ ሰው ሲኖር ጉቦና ጾታዊ ትንኮሳ መንገድ ያገኛሉ፤ ተጎጂዎቹም በአብዛኛው በማድረቂያ አልጋ ላይ ቡና የሚለቅሙት ሴቶች ናቸው። ገንዘቡ በቀጥታ ለሠራተኛዋ በእጇ ወይም በራሷ ቴሌብር ይድረስ፤ ቅሬታዋንም ካቦው ለማይመራው ሰው፣ በተለይ ለሴት ኃላፊ፣ ማቅረብ ትችል።

ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን መቅጠር ክልክል ነው፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉትም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ወይም በሌሊት አይሠሩም። እናቶች ሕፃናትን ይዘው መምጣታቸው ስለማይቀር፣ «ልጅ ይዛችሁ አትምጡ» የሚል ማስታወቂያ ከመለጠፍ ጥላ ያለው ማቆያና አንዲት ተንከባካቢ ማዘጋጀት ይጠቅማል። የማሽኑ ቀበቶዎች ይሸፈኑ፣ እርጥብ ወለል ላይ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ ገመድ ይነሣ፣ የሚጠጣ ውሃና ለሴትና ለወንድ የተለየ መጸዳጃ ይኑር።

ይህ ሁሉ ተከፍሎ የሚተርፍ ገንዘብ ካለ፣ ለማኅበረሰቡ የሚውልበትን ባለቤቱ ብቻውን አይወስን። የቀበሌው ነዋሪዎች፣ በተለይም ከጣቢያው በታች ውሃ የሚቀዱት ሴቶች፣ በተገኙበት ይጠየቅ። መልሱ ብዙ ጊዜ ምንጭ ማጎልበት ይሆናል። ከሆነም ግንባታው ከመጀመሩ በፊት የውሃ ኮሚቴ ይመረጥ፣ ቧንቧውን የሚጠግን ሰው ይሠልጥን፣ የመለዋወጫው ወጪም በጣቢያው የዓመት በጀት ውስጥ በቋሚነት ይያዝ።