ልጅዎ ማጅራት ገትር ይዞት እንደሆነ ከጠረጠሩ ምን ያደርጋሉ?

ልጅ ሲያተኩሰው ቀድሞ የሚታሰበን ጉንፋን ወይም ወባ ነው። ብዙ ጊዜም እሱ ይሆናል። በባክቴሪያ የሚመጣው ማጅራት ገትር ግን በሰዓታት ውስጥ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። «እስኪነጋ እንየው» አይባልም።

መጀመሪያ ምልክቱን ይዩ። ከፍ ያለ ልጅ ራሱ ይነግርዎታል፦ ከባድ ራስ ምታት፣ ትውከት፣ ብርሃን መጥላት። አንገቱ ይገተራል፤ አገጩን ደረቱ ላይ ማስነካት ያቅተዋል። ከቃዠ ወይም ሰው መለየት ካቃተው ደቂቃም አይቆዩ።

የሚያሳስበኝ ጨቅላው ነው። የሕፃን አንገት ላይገተር ስለሚችል በዚያ አይዘናጉ። ጡት እምቢ ካለ፣ ሲቀሰቅሱት ካልነቃ፣ ሲያቅፉት ለቅሶው ከባሰና ድምፁ ከቀጠነ ይጠርጥሩ። ለቅሶውን ሲያቆም ቀና አድርገው ይያዙትና እርግብግቢቱን ዳሰስ ያድርጉ። ካበጠና ከተወጠረ አደገኛ ነው። አዲስ የተወለደ ልጅ ጭራሽ ላያተኩሰው፣ እንዲያውም ሰውነቱ ሊቀዘቅዝ ይችላል።

ቆዳው ላይ በብርጭቆ ሲጫኑት የማይጠፋ ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ካዩም ይሩጡ። ጠይም ቆዳ ላይ በደንብ ስለማይታይ መዳፉንና የውስጥ እግሩን ይመልከቱ። ነጠብጣብ የለም ማለት ግን በሽታው የለም ማለት አይደለም።

ከዚያ ወደ ሐኪም ቤት። 907 ደውለው የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጠይቁ፤ ከዘገየ በተገኘው መኪና ይሂዱ። ሆስፒታሉ ሩቅ ከሆነ ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይግቡ፤ የመጀመሪያውን መርፌ ወግተው ሪፈር ሊጽፉልዎ ይችላሉ። ከቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን አይስጡት፤ በሽታውን ሳያድን ምርመራውን ያደናግራል። ካንቀጠቀጠው በጎኑ ያስተኙት። አፉ ውስጥ ምንም አይክተቱ፤ ክብሪት ጭረውም አያሽትቱት።

ሐኪሙ ከጀርባው ፈሳሽ ልውሰድ ይላል። እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ «ሽባ ይሆንብኛል» ብሎ ይከለክላል። እባክዎ ይፍቀዱ። መርፌው የሚገባው ሕብለ ሰረሰር ካበቃበት ቦታ በታች ነው። ፈሳሹ ባክቴሪያው የትኛው እንደሆነ፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ያሳያል። ልጁ በጣም ከደከመ ግን መድኃኒቱ ይቀድማል፤ ፈሳሹ በኋላ ይወሰዳል።

ሕክምናው በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሴፍትሪያክሶን። እንደ ባክቴሪያው ዓይነት ከ7 እስከ 14 ቀን ሊወስድ ይችላል። ለጨቅላ መድኃኒቱም ይለያል፣ ቀኑም ይረዝማል። ትኩሳቱ በረደ ብለው አቋርጠው አይውጡ።

ከመውጣትዎ በፊት የጆሮ ምርመራ ይጠይቁ፤ በሽታው መስማት ሊያሳጣ ይችላል። አብሮት የኖረ ቤተሰብ መከላከያ መድኃኒት ያስፈልገው እንደሆነም ሐኪሙን ይጠይቁ። ቤት ውስጥ ታናሽ ካለ የክትባት ካርዱን ያውጡ። በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት የሚሰጡት የፔንታቫለንትና የሳንባ ምች ክትባቶች ማጅራት ገትር ከሚያመጡት ዋና ዋና ባክቴሪያዎች ሁለቱን ይከላከላሉ። ያለፈው ካለ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።